የእማማ የሺ «አቤት»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙልኝ። የተወለድኩት አንኮበር ነው፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ እዚያ ጉሙ ከቆላ ተነስቶ ገደሉን ሲወጣ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው እንኳ ይሸፍንባችኋል፣ ሰዉም በጉም ውስጥ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ፣ ያለ እግር የሚሄድ አየሁ እየተባባለ ነው የሚያመሸው። እኔ ግን በዚያው ጉም ውስጥ በቅሎ እየነዳሁ ስንት ዘመን ስመላለስ ከራሴ ሳል በቀር የሰማሁት አልነበረም፣ እነሱ ሲያወሩም እስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም።

ሽምግልና የያዘኝ ደብረ ብርሃን ነው፣ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመጀመሪያ በዘበኝነት፣ ጉልበቴ ሲደክም ደግሞ በተላላኪነት። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ዳዊት ደግሜ አቆምኩ፣ ቢሆንም ቀስ ብዬ ካየሁት የሚያመልጠኝ ጽሑፍ የለም። ኢሜይል የሚባለውን ነገር ያስተዋወቀችኝ ሰናይት ናት፣ የፋብሪካውን ኢሜይል የምታስተዳድር፣ የእኔን የመጨረሻ ልጅ የምታክል ልጅ፣ ክፍሏ ብርድ ስለሆነ በርኖስ ደርባ ነው ኮምፒዩተሩ ፊት የምትቀመጠው።

አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለውን አይቼ «ይህ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባለቤት ያጣ ነው ጋሼ። እዚህ ቤት የኢሜይል ሣጥን ያለው የቢሮ ሰው ብቻ ነው፣ ሱፍ ለቃሚ፣ ፈታይ፣ አጣቢ ሣጥን የለውም። የውጭ ሰው ግን ይህን አያውቅም፣ ከፋብሪካው ስም ፊት የዘመዱን ስም ይጽፍና ይልካል። ማሽኑ እንዲህ የሚባል ሰው ሲያጣ እኔ ላይ ይጥለዋል።»

እንግዲህ ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ ከከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፣ በመንገድ ላይ ስልካቸውም ዘመዳቸውም የጠፋባቸው፣ እና አንዱ ሱዳን፣ አንዱ ጅዳ ሆኖ እናቴ ወይም እህቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብታለች ሲባል የሚያገኘው አድራሻ የፋብሪካውን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑን «መልሰው» ይለው ነበር፣ ሰናይት ግን ወረቀት ላይ እያተመች ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔም በአገሬ ከብት ሲጠፋ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ እንደሚነገረው፣ ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ሱፍ መልቀሚያው አዳራሽ እገባና በገመድ የታሰረው የሱፍ እስር ላይ ወጥቼ ስሙን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ባለቤቱ «አቤት» ካለ አነብለታለሁ፣ ከሌለ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ። በዚህ ዓይነት ስንቱ ዘመዱን አገኘ፣ ስንቱ እልል አለ፣ ስንቱስ ደረቱን መታ።

እማማ የሺን ያወቅኋት በዚያ ነው። ሱፍ ለቃሚ ነበረች፣ ቦታዋ ከአዳራሹ ጥግ፣ ከክምሩ ጀርባ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። አንድ ልጅ አላት፣ ደሳለኝ የሚባል፣ ሲሸሹ ሌሊት መንገድ ላይ ከእጇ የጠፋ፣ ጎረምሳ ነው፣ ይሙት ይኑር አታውቅም። እና የማንም ስም ቢጠራ መጀመሪያ አቤት የምትል እሷ ናት። ደረቷ በሱፍ ብናኝ የተዘጋ ስለሆነ ቀድማ ትንሽ ሳል ትመጣለች፣ ከሳሏ ኋላ ደግሞ ጎተት ያለች «አቤ...ት»።

«እማማ የሺ፣ የእርስዎ ስም መቼ ተጠራ!» ይላታል አንዱ ወጣት።

«አንተን ምን አስጨነቀህ፣ ልምምድ ላይ ነኝ። ልጄ የጻፈልኝ ቀን አፌ እንዳይተሳሰር።»

«ኧረ እንዲህ በሰው ስም አቤት ሲሉ አንድ ቀን የሰው ባል ይዘው ይሄዳሉ!»

«ካመጣኸው መች ጠላሁ፣ ብርዱን አታየውም?»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፣ እሷም አብራ ትስቃለች፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ስወርድ ግን ዓይኗ እጄን ይከተላል። «አያ ተሾመ፣ የእኔ የለም?» ትለኛለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ የለም እህቴ» እላታለሁ። ይህች «ዛሬ» የምትባል ቃል እንዴት እንደምትከብድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥር ላይ ብርዱ ደረቷን ያዛትና ከመኝታዋ ሳትነሳ ቀረች። ቀበርናት። ባልዲዋን ማንም አላነሳውም፣ እዚያው ጥግ ተደፍቶ ቀረ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰናይት አስጠራችኝ፣ ስገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ቆሻሻ መልእክት በዛብን ብለው፣ ከሰኞ ጀምሮ ባለቤት የሌለውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ለላኪው ይመልስ የሚል ትእዛዝ አውጥተው ስለነበር ስለዚያ መስሎኝ ነበር። ወረቀት ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦

«እማ፣ ደሳለኝ ነኝ፣ በሕይወት አለሁ። ጂቡቲ ወደብ ላይ ጭነት አወርዳለሁ። አንድ የሰፈራችን ሰው እናትህን አምና ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ አይቻታለሁ ስላለኝ ነው በዚህ የምጽፍልሽ። ጓደኞቼ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ ነው፣ እኔንም ጨምረውኛል። ካለሽ አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ፣ እቀርና ወዳንቺ እመጣለሁ። ሰኞ ደግሜ እጽፋለሁ። ያን ጊዜም ዝም ካልሽ የሚጠብቀኝ ሰው የለም ብዬ እሳፈራለሁ።»

ወንበር ሳበችልኝ፣ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ምን ይሻላል? እውነቱን ልጻፍለት?»

«መርዶ በጽሑፍ? ልጄ፣ መርዶ እኮ ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው የሚነገር። እዚያ ባሕር ዳር ብቻውን ቆሞ ሲያነብ ማን ይይዘዋል?»

«ዝም ካልንም ይሳፈራል። ሰኞ ሲጽፍ ደግሞ ማሽኑ ‹እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም› ብሎ ይመልስለታል።»

«እሱማ ከመርዶም የከፋ መርዶ ነው።»

«እሺ በእሷ ስም ‹አለሁ› ብዬ ብጽፍለትስ?»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። በሞተ ሰው ስም አለሁ ማለት ከበደኝ፣ መጥቶ ሲያጣትስ ምን ብለን ዓይኑን እናያለን? ግን ጀልባው አለ። «እስኪ መጠለያ ያሉትን ጎረቤቶቿን ልጠይቅ፣ ጂቡቲ ሰው ያለው ከተገኘ ሄዶ በቃሉ ይነግረው ይሆናል፣ ነገ ጠዋት እንወስናለን» አልኳት። ይህን እያልኩ መብራት ሄደ፣ ኮምፒዩተሩ ጭልም አለ፣ እሷም በሯን ቆልፋ ባጃጅ ፍለጋ ወጣች።

ጎረቤቶቿን ፍለጋ አዳራሹ ስደርስ ማንም የለም። ለካ መብራት ሲሄድ ሠራተኛውን በጊዜ ለቀውታል። በትልቁ በር ጉም እየገባ ነው፣ ሱፉና ጉሙ አንድ ሆነው የቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም፣ ከጣራው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ብቻ ይሰማል። ልመለስ አልኩና እግሬ እንቢ አለኝ። ይህን ወረቀት ያን ሁሉ ዓርብ ስትጠብቀው ኖራለች፣ ሳይጠራ እንዴት ይሰቀላል? የማንም ወረቀት ተጠርቶ፣ የእሷ ሳይጠራ? እመኑኝ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ ደንቡን ላድርስላት ብዬ ብቻ ነው የሱፉ እስር ላይ የወጣሁት።

«የሺ!» አልኩ። የጣራው ጠብታ ብቻ።

«የሺ!» አልኩ ደግሜ። ጠብታው ቆመ። ከጥጉ በኩል ሱፍ ሲነጭ የሚሰማው ዓይነት ስስ ድምፅ ሰማሁ፣ አይጥ ነው አልኩ።

ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ። ትንሽ ሳል ሰማሁ። ከሳሉ ኋላ፣ ጎተት ያለች፣ «አቤ...ት»።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ይሆናል። እኔ አልሮጥኩም፣ ጉልበቴም አይሮጥ፣ ደግሞ ያ ድምፅ የሚያስፈራ አልነበረም፣ ያው የእሷ ነው፣ የምትጠብቅ ሴት ድምፅ ነው። ምን ላድርግ? አቤት ላለ ይነበብለታል። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብዬ አነበብኩላት፣ «በሕይወት አለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝና ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት፣ እስከ «እሳፈራለሁ» ድረስ። ስጨርስ ባልዲው በሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ የምሳ ሰዓት አልቆ ልትነሳ ስትል እንደምታደርገው። ከዚያ ጠብታው ቀጠለ።

ወደ ጥጉ ሄጄ አላየሁም። አልዋሻችሁም፣ አልቻልኩም።

በማግስቱ ሰናይት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ለማን ነው የነገሩት?» አለች፣ ተቆጥታለች። ክፍሏ ወስዳ ኮምፒዩተሩን አሳየችኝ። የደሳለኝ መልስ ነው፦ «እማዬ! ቃልሽ ደረሰኝ። ‹አቤት› ብቻ ብትይኝም አንቺ እንደሆንሽ አወቅሁ። ጀልባውን ትቼዋለሁ። ጠብቂኝ፣ መጣሁ።»

ከሥሩ እሱ የተቀበላት መልእክት ተያይዛለች፣ አንዲት ቃል። የመጣችበት አድራሻ የፋብሪካው ነው፣ ከፊቱ የእማማ የሺ ስም አለ።

«እንዲህ የሚባል ሣጥን እዚህ ቤት የለም» አለች ሰናይት። «ከሌለ ሣጥን መልእክት አይወጣም ጋሼ። ደግሞ የተላከበትን ሰዓት ይዩት፣ መብራት እኮ ሌሊቱን ሙሉ አልነበረም።»

«አንቺ አይደለሽም?»

«እናቴ ትሙት አይደለሁም!»

እናቷን በጣም ነው የምትወድ። እኔም የአዳራሹን ነገርኳት፣ በርኖሷን ሰብስባ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላ አለቀሰች። ልጁ ከባሕር ተርፏል፣ ይህ ደስታ ነው፣ ግን ወደ ማን ነው የሚመጣው? ሰኞ የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ሲጀምር፣ የደሳለኝን ብቻ ማሽኑ እንዳይመልስ አድርጋ ተወችው። እኔ መጠለያ ሄጄ ሁለት ሽማግሌዎችና ቄሳቸውን አነጋገርኩ፣ ሲመጣ የትም ሳይሄድ ወደ ቤቴ ላስገባው፣ አብልቼ ላሳድረው፣ ሳይነጋ መጥተው ሊያረዱት ተስማማን። ሚስቴ መደብ ላይ አነጠፈችለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ መጣ። ሰናይት አልጠራችኝም፣ ራሷ በዝናብ እኔ ወዳለሁበት በር ሮጠች።

«እማ፣ አልዩ አምባ ደርሻለሁ፣ መኪና ስላጣሁ በእግሬ ወደ አንኮበር ዳገቱን ጀምሬያለሁ። ምነው ስሜን እየጠራሽ ፊት ፊቴ የምትሄጂ? ጉሙ ውስጥ ድምፅሽንና ሳልሽን እሰማለሁ፣ አቤት እያልኩ እከተልሻለሁ፣ ስቀርብ ግን የለሽም። እስኪ ቆም በይልኝ።»

ያን ዳገት አውቀዋለሁ። በክረምት ጉም መንገዱና ገደሉ አንድ ነው የሚመስሉት። በዚያው ዕለት አንኮበር ደረስኩ፣ የወንድሜን ልጆች አስከትዬ መንገዱን እስከ ታች ወረድን፣ ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን። አንዲት ሴት ብቻ፣ ከገበያ የምትመለስ፣ «አቤት አቤት እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ልጅ ሰምቻለሁ፣ ጉም ስለነበር አላየሁትም» አለችን። ገደሉን ልጆቹ ፈተሹት። ምንም የለም፣ ጫማም፣ ልብስም። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ከልቤ ግን አልነበረም።

አልመጣም። ሌላ ኢሜይልም አልመጣም። ምንጣፉ መደቡ ላይ እንደተነጠፈ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ሲያገኙኝ በዓይናቸው ብቻ ይጠይቁኛል። አንዳንድ ቀን እናቱ ከገደሉ እያራቀች ሌላ መንገድ መርታው ይሆናል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሌላው ሐሳብ ይመጣብኛል፣ እሱን አልጽፈውም።

ትናንት ጉሙ ወደ ማምሻው እስከ ፋብሪካው በር ደረሰ። በሩ ላይ ቆሜ ልጠራው አሰብኩ፣ ደሳለኝ ብዬ፣ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ። አንድ ጊዜ ጠራሁ። ሁለተኛውን ጠራሁ። ሦስተኛው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፣ ምክንያቱም አቤት ቢለኝ፣ ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚለኝ አላውቅም።