ያላየችው ቁጥር

ሁለት ሰው ተማምኖ እንዳይለካ የሚል ደንብ ነበራቸው። ደንቡን ያወጡት የስልክ መሥመር ደረጃ የሚያረቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በስልክ መሥመር የጨረሱ፣ ጡረታ ወጥተው እንኳ «ኑና ዳኙን» ተብለው የተመለሱ ሴት። ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። አንዱ ለኪ ከአሮጌው የስልክ ድርጅት፣ ሌላው ከአዲሱ የኢንተርኔት ኩባንያ ይላካል። ሁለቱም በየተራ መሣሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር በገዛ ዓይናቸው አይተው ይጽፋሉ፤ ጽፈው ሳይጨርሱ አንዱ የሌላውን አያይም። «ተማምናችሁ ከምትሳሳቱ ተጠራጥራችሁ ብትስማሙ ይሻለኛል» ይሉ ነበር እትዬ።

እንግዲህ ለዚህ የጥርጣሬ ሥራ ከአሮጌው ድርጅት የተላከችው ሚጡ ናት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ አባት ሆኖ አሳደጋት፣ አስተማራት፤ አሁን ደግሞ በድርጅቱ የመሥመር ክፍል ኃላፊ ሆኖ አለቃዋ ነው። መሐንዲስ ብትሆንም፣ ከስሯ ሠራተኛ ብታስተዳድርም ሚጡነቱ አልለቀቃትም። ከኩባንያው የመጣው ደግሞ በየበሩ ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ቀጭን ረጅም ሰው ነበርና ሎጋው አሉት።

የጠባቸው ነገር እንዲህ ነው። ከስልክ ጣቢያ በሚነሳው ወፍራም ገመድ ውስጥ የብዙ ቤቶች የመዳብ ሽቦ ተቃቅፎ ይሄዳል። አንዱ ሽቦ ጮክ ብሎ ካወራ ጎረቤቱ ይረበሻል። አዲሱ ኩባንያ መንገድ ዳር በቆሙት ሳጥኖች ውስጥ መሣሪያ አስገብቼ፣ ከቤቶቹ አፍንጫ ሥር ሆኜ ፈጣን ኢንተርኔት ልስጥ አለ። አሮጌው ድርጅት ደግሞ «እናንተ ከሳጥኑ ስትጮሁ፣ ከጣቢያ ተነስቶ ደክሞ የሚደርሰውን የእኛን ትውጡታላችሁ» አለ። ታዲያ ሳጥኑ ምን ያህል ይጩህ? ይህን የሚወስነው ኮሚቴው የሚያረቀው የመሥመር ደረጃ ሰባተኛ አንቀጽ ነው። በዚህች አንቀጽ የተነሳ ሁለቱ ድርጅቶች ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር።

ሁለቱ ለኪዎች ግን መጀመሪያ የተገናኙት ገና ማን ማን እንደሆነ ሳይተዋወቁ ነው። ሚጡ በአንድ ጠባብ መንገድ ስታልፍ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ሳጥን ውስጥ ከቶ ተንበርክኮ አየች።

«ማን ፈቅዶልህ ነው ሳጥናችንን የከፈትከው?» አለችው።

ደንግጦ ሲነሳ አናቱን ከክዳኑ ጋር አጋጨ። ፈቃዱን ከኪሱ ሲያወጣ ግንባሩ ይደማ ነበር። አንጀቷን በላው፤ መሐረቧን አውጥታ ያዘችለት። በነጋታው ኮሚቴው ፊት እሷ ከዚህ ማዶ፣ እሱ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠው ሲተያዩ፣ እሱ ግንባሩ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር ዳሰሰ፤ እሷም ሳቋ እንዳያመልጣት ወረቀት ታገላብጥ ጀመር።

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል፤ እነሱ ግን የደበቁ መሰላቸው። መደበቅም ነበረባቸው፤ ለኪዎቹ ይዋደዳሉ ከተባለ ልኬታቸውን ማን ያምናል? ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲዞሩ እሱ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ከዚያ ወረቀታቸውን ሲያስተያዩ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ይሳሳቃሉ። እንጋባ ሲላት፣ ሰባተኛው አንቀጽ ይለፍና ወንድሜን አነጋግረዋለሁ አለችው። እሱም የሌላው ሰው የሠርግ ቀን በሙሽሪት ቤተሰብ ይወሰናል፣ የእኔ በኮሚቴ ተወሰነ ብሎ ቀለደባት።

የመጨረሻው ሳጥን ከተማው የሚያልቅበት ሰፈር ነው። ከጣቢያው በጣም ይርቃል፤ በዚያ ሰፈር ጫፍ ላይ ልብስ እየሰፋች ትእዛዟን በኢንተርኔት የምትቀበል አንዲት ሴት ትኖራለች፣ ከሁሉም ቀጭኑ መሥመር የእሷ ነው። አንቀጹን የሚወስነውም ይኸው መሥመር ነበር፤ እሱ ከተረፈ ሁሉም ይተርፋል። ሊለኩ የሄዱ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ሎጋው ጃኬቱን አውልቆ በመሣሪያውና በሚጡ ላይ ዘረጋው። እሱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እሷ አንዱን በእሱ ስም፣ አንዱን በራሷ ስም ጻፈች። መሥመሩ ጸጥ ያለ ነው የሚል ቁጥር ነበር፣ ኩባንያው የሚመኘው። ፈረሙና እየሳቁ ሮጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ አይደል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲያወራ የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አንቀጹ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ወንድሟ ቢሮው ጠራትና በሩን ዘጋ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አልጠየቃትም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አላት። «ለእነሱ ያደላውን የመጨረሻውን ሳጥን ቁጥር በዓይንሽ አይተሻል?»

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም።

«ዝም አይነቅዝም አሉ» አለ ወንድሟ። «በይ ስሚኝ ሚጡ። ነገ ሰባተኛው ሲነበብ አንቺ ትቃወሚያለሽ። ካልተቃወምሽ እኔ እነሳና የእናንተን ጉዳይ እናገራለሁ። ያን ጊዜ አንድ ቁጥር አይደለም፣ የለካችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።»

«ጋሼ፣ እንዲህ አታድርግ። በሌሎቹ ሳጥኖች ሁሉ እውነት ነው የለካነው።»

«እሱን ማን ሊያምንሽ?» አላት፤ ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከማስፈራሪያው ይልቅ ያቃጠላት ጥያቄው ነው። ከቢሮው ስትወጣ ሎጋው ያን ቀን ያነበበበት ድምፅ በጆሮዋ ይመላለስ ጀመር። ቁጥሩ ለኩባንያው እንዲህ የተመቸው በአጋጣሚ ነው? እንዲህ በማሰቧ ራሷን ጠላች፤ ማሰቡን ግን መተው አልቻለችም። ሎጋው ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠብቃ ወንድሟ ያለውን ሁሉ ነገረችው። ሎጋው በትዕግሥት ሰማ፤ ወንድምሽ ይናገር፣ ይውጣልን፣ እኔ አላፍርብሽም አላት። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

«ቁጥሩ ግን በትክክል ያ ነበር?» አለችው።

ፊቱ ተለወጠ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ አላየሁትም። ያየኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ካየሁት አይበቃሽም?»

ይበቃኛል ብላ አንገቱ ላይ ብትጠመጠም ምንኛ በወደደች። «ለእኔ ይበቃኛል» አለችው። «ለለኪዋ ግን አይበቃትም።»

ሎጋው አውቶቡሱ ሲመጣ ደህና እደሪ ሳይላት ገባ። በመስኮቱ ታየው ነበር፤ ዞሮ አላያትም።

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ብትደውልለት አያነሳም። ደግማ ደወለች፣ አያነሳም። ዝም ብትል ወንድሟ ይነሳል፤ ብትቃወም ደግሞ የምትወደውን ሰው በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም እንዳለችው ይቆጠራል፣ ዳግመኛም አያያትም። ለብሳ እስክትወጣ ድረስ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። አልነበረም። ያላየችውን አይቻለሁ ብላ መፈረሟን ግን ልቧ አልቀበል አላት። የሚመጣው ይምጣ ብላ ወጣች።

በዚያ ኮሚቴ እጅ አውጥቶ መደገፍ የለም። እትዬ አንቀጹን ያነባሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ፤ ማንም ካልተናገረ ጸደቀ ማለት ነው። አንድ ሰው ከተቃወመ ይቆማል። ሚጡ ስትገባ ከፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በየደቂቃው ወደ በሩ ያያሉ። አንደኛው አንቀጽ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። አምስተኛው ላይ በሩ ተከፈተና ሎጋው ጎንበስ ብሎ ገባ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ወደ እሷ ሳያይ ተቀመጠ።

እትዬ ሰባተኛውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

ወንድሟ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ ሊነሳ ነው። ሚጡ ቀደመችውና እጇን አነሳች።

«ሁለት እጅ አያለሁ» አሉ እትዬ። «የሚገርመው ሁለቱም የለኪዎቹ ነው።»

ቀና ስትል የሎጋው እጅም ተነስቷል። ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ይጎትቱታል፤ እሱ አላወረደውም። ሊከላከል ነው ወይስ ሊከሳት?

«እሷ ትቅደም» አለ ሎጋው።

ሚጡ ተነሳች። የመጨረሻውን ሳጥን ቁጥር ሳታይ እንደፈረመች፣ ይህም የእሱ ሳይሆን የራሷ ጥፋት እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ሳታይ ጨመረችበት፤ «ሌላም አለ። ሎጋውና እኔ እንዋደዳለን። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት።»

የወንድሟ ግማሽ የተነሳ ሰውነት መልሶ ወንበሩ ላይ ወረደ፤ ሊናገር ያዘጋጀውን እሷው ጨርሳበታለች።

«እሺ፣ አንተስ?» አሉ እትዬ።

«እኔም እቃወማለሁ» አለ ሎጋው። «ዛሬ በማለዳ ሄጄ ደግሜ ለካሁት። ያን ቀን በዝናቡ ምክንያት ሳጥኑ ውስጥ ለሙከራ ያስገባነው የእኛ መሣሪያ ጠፍቶ ነበር። ያነበብኩት ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን ማንም ሳይጮህ ነው ጸጥታውን የለካሁት። መሣሪያው መሥራቱን ማየት ነበረብኝ። እሷ ስትረጥብ እያየሁ ቸኮልኩ። አንቀጹ እንዲህ ካለፈ የዚያ ሰፈር መሥመር ይሞታል።»

ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ለቀቁት። ያለቀቁት ነገር ቢኖር ዓይናቸውን ነው፤ ከሥራ መባረሩን እዚያው በዓይናቸው ነገሩት።

እትዬ በቀሩት ሳጥኖች ለየብቻ አይታችኋል ወይ ብለው ሁለቱን ጠየቁ፤ አይተናል አሉ። ከዚያ ስብሰባውን እስከ ከሰዓት አቆሙና የመጨረሻውን ሳጥን እንዲለኩ የላኳቸው ወንድሟንና ሥራ አስኪያጁን ነው። «እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ በፍቅር እንደማትሳሳቱ አውቃለሁ» አሏቸው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሰው ሳቀ።

ወንድሟ ወጣትነቱን የስልክ ምሰሶ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ቆሞ የወጣውን ቁጥር ተናገረ፤ ሎጋው በማለዳ ለክቶ ያገኘው ነው፣ አንድም አልተዛነፈ። ሥራ አስኪያጁም ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አንቀጹን አስተካክለው አነበቡት፤ ሳጥኑ ሩቅ መሥመሮች በሚጠቀሙበት የሞገድ ድግግሞሽ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በቀረው እንደልቡ ይናገራል። መነጽራቸውን አወለቁ። የሌሎቹን ሳጥኖች ልኬት ገደል ለመክተት ይህ የወንድሟ የመጨረሻ ዕድል ነበር። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንም አልተናገረም። ጸደቀ።

ሚጡ ከለኪነት ተነሳች፤ ይህን እትዬ ራሳቸው በሐዘኔታ ነገሯት። ሎጋው የኩባንያውን የመግቢያ ካርድ ለሥራ አስኪያጁ አስረክቦ ሲወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀችው። ግቢው ውስጥ ወንድሟ መኪናው አጠገብ ቆሞ በሳር ጫማውን ይጠርጋል።

«ትናንት የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ተቀይሜሽማ ነበር። ለምን የሄድኩ መሰለሽ? ቁጥሩ ልክ መሆኑን አይቼ ላሳፍርሽ ነው።»

ሳቅም እንባም መጣባት። «ስህተት ሆኖ ስታገኘው ሳጥኑን ዘግተህ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አላየህም።»

«እችል ነበር።»

«ልክ ነው ብትለኝ ደግሞ አምንህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሎጋው። «እሱ ነው ያቃተኝ።»

ሚጡ ክንዱን ያዘችና ወንድሟ ወደቆመበት ወሰደችው። ወንድሟ ጫማውን መጥረጉን ትቶ ሎጋውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ የኋላውን በር ከፈተና፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ አናቱን እንዲጠነቀቅ ነገረው።