አረንጓዴ ክር ያላቸው ዝሆኖች

ኮሎኔሉ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

«ክፈት! ክፈት እኮ ነው የምልህ!» አለችው እህቱ ጉንጩን ይዛ። እሱ ግን ጨዋታ መስሎት ዓይኑን እያጉረጠረጠ አያት። ገና የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነው፤ እየዳኸ ቤቱን ሁሉ ስለሚያዝ ነው ኮሎኔል የተባለው። ሳቁን መቆጣጠር ሲያቅተው አፉን ከፈተ። ምላሱ ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ታየ፤ ቀልጠፍ ብላ በጣቷ አወጣችው። በምራቅ የራሰች ትንሽ ዶቃ ነበረች።

«እማዬ፣ ልጁን ያዢልኝ! ዶቃ አፉ ውስጥ ነበር!»

እናቷ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ከጓዳ ወጣች። «ዶቃ? በዚህ ቤት ደግሞ ዶቃ ከየት መጣ?»

መልሱ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ከአሮጌ ሸሚዝ የተሰፋ ሰማያዊ ዝሆን ነው። ኮሎኔሉ ሲያኝከው የዋለው የሆዱ ስፌት ተተርትሮ ሌሎች ዶቃዎች ብቅ ብለዋል። የግራ እግሩ መርገጫ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ክር በመስቀለኛ ተሰፍቶበታል። እንዲህ ያለ ክር የሚሰፋው ታይቶ፣ ተጎትቶና ተፈትኖ ባለፈ ዝሆን ላይ ብቻ ነው። ክሩን የሰፋችው ደግሞ ልጅቷ ራሷ ናት። በክፍሏ ልጆች ዘንድ መርማሪዋ የምትባለው፣ ብስኩት እንኳ አገላብጣ ሳታይ የማትበላው እሷ።

ነገሩ የተጀመረው ኮሎኔሉ በሚውልበት የሕፃናት መዋያ ነው። ሞግዚቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላት። እትዬ አንድ ቀን በስጦታ የመጣ የአሻንጉሊት ካርቶን ፈትታ ግማሹን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትከት መርማሪዋ ደረሰች። አንዱ መኪና ጎማው በጥፍር ይነቀላል። የኳሱ ቀለም እጅ ላይ ይቀራል። የሚጎተተው ውሻ ገመዱ የልጅ አንገት ሁለት ጊዜ ይዞራል። «ይሄን የሠራ ሰው ልጅ አያውቅም እንዴ?» እያለች ትነጫነጭ ነበር። ያኔ ነው መርማሪዋ ከጓደኛዋ ከቱርቦ ጋር ሆና ከአሮጌ ልብስ ዝሆኖች ልትሠራላት ቃል የገባችው።

እትዬ ሶፍት የተጠቀለለበትን ባዶ የካርቶን ቱቦ ሰጠቻት። «በዚህ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ልጅ ያንቃል፤ በእኔ በር አያልፍም» አለቻት። «ሌላው ደግሞ፣ የሰፋችው አትመርምር። ሰው የራሱን ስፌት አይቶ ይምራል።»

እንደዚያው ሥራውን ተከፋፈሉ። ነገር ሁሉ በጥድፊያ የምትሠራው ቱርቦ ትሰፋለች። ዝሆኑ ሲነቀነቅ እንዲንሿሿ ዶቃዎቹ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ይገባሉ። የብልቃጡ ክዳን ተጣብቆ በፕላስተር ይታሰራል፤ ብልቃጡም በጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ ሆዱ ውስጥ ይቀበራል። መርማሪዋ ሆዱ ሳይዘጋ ታየዋለች፤ ከተዘጋ በኋላ ስፌቱን በሁለት እጇ ትጎትተዋለች። ከዚያ አረንጓዴው ክር። እትዬ እሱን ያላየችበትን ዝሆን አትቀበልም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት እንዲያ ሆነው አለፉ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ግን ቱርቦ ይዛ የመጣችው በሒሳብ ፈተና ዋዜማ፣ ሆዳቸውን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ነበር።

«ሳላየው ለምን ዘጋሽው?»

«ባክሽ አትጨቅጭቂኝ! ሁሉንም በብልቃጥ አድርጌዋለሁ። እኔን አታምኚኝም?»

ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችን ጓደኛ አላምንሽም እንዴት ይባላል? ነቀነቀቻቸው፤ ተንሿሹ። ክሩን ሰፋች። አምስቱ ወደ እትዬ ሄዱ። ስድስተኛውን ቱርቦ ራሷ «ይሄ የኮሎኔላችን ድርሻ ነው» ብላ ሕፃኑን ስማ አስታቀፈችው።

መርማሪዋ አሁን የተተረተረውን ዝሆን አንስታ ወጣች። ቱርቦን ያገኘቻት ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ነው። ዶቃዋን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

«ኮሎኔሉ አፍ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ብልቃጡ የታለ?»

የቱርቦ ፊት ተለዋወጠ። «ደህና ነው? ዋጠ እንዴ?»

«ደህና ነው። ብልቃጡ የታለ አልኩሽ?»

«አለቀብኛ!» አለች ቱርቦ እርጥብ ፎጣ እንዳቀፈች። «የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ልትነግሪኝ ነዋ!»

«ብነግርሽ ታሳልፊው ነበር?»

«አላሳልፈውም!»

«አየሽ!»

መርማሪዋ ዝሆኑን ወደ ፊቷ ዘረጋችላት። «ስንቱ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ስድስቱም።»

«ነገ ጠዋት ለልጆቹ ሊሰጧቸው ነው። መዋያው ከመከፈቱ በፊት ሄደን ለእትዬ እንንገራት።»

«አብደሻል? ሁለተኛ በዚያ በር ታስገባናለች?» ቱርቦ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ... እግራቸው ላይ ያለው ክር ያንቺ ነው። እኔ ሰፋሁ እንጂ አላሳለፍኩም።»

መርማሪዋ ዞራ ሄደች። መንገዱን ሙሉ እንባዋ ይወርድ ነበር። ውሸቱስ ይሁን፤ ሰው ጨንቆት ይዋሻል። ያንገበገባት «እኔን አታምኚኝም?» ያለው ያው አፍ መልሶ «ክሩ ያንቺ ነው» ማለቱ ነው። ተከድታለች። በማንም አይደለም፣ በቱርቦ።

ሰኞ በማለዳ ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ወደ መዋያው ሄደች። እስክትደርስ ድረስ «ቱርቦ አታለለችኝ» የምትለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ቃል ጥናት ስትደጋግም ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አንድም ሐሰት የለበትም። እትዬ በሩን እየከፈተች ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ? ዛሬ እኮ ዝሆኖቻችሁ የሚመረቁበት ቀን ነው!»

«እትዬ፣ እንዳትሰጪያቸው። አምስቱ ብልቃጥ የላቸውም፤ ዶቃው እንዲሁ ነው ያለው። የወንድሜ ተተርትሮ ዶቃ አፉ ውስጥ አገኘሁ።»

እትዬ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

የተጠናው ዐረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። «የሰፋችው ቱርቦ ናት» አለች። «በብልቃጥ ነው ብላ ዋሽታኛለች። ሳላይ ክር የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

እትዬ አልተቆጣችም፤ አላጽናናቻትምም። ካርቶኑንና መቀሱን አምጥታ የሕፃናቱ አጭር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «የትኞቹ ናቸው?»

«ከላይ አይለይም። አሥሩም መቀደድ አለባቸው።»

መርማሪዋ ጉልበቷ አገጯ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ወንበር ላይ ተጣጥፋ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ዝሆን አነሳች። ከሆዱ በፊት የእግሩን አረንጓዴ ክር በጠሰችው። ከዚያ ሁለተኛውን። አራተኛው ላይ ስትደርስ በሩ ተንኳኳ።

ቱርቦ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ በእጇ ፌስታል ይዛለች። «ሰባት ብልቃጥ አግኝቻለሁ» አለች በሩ ላይ እንደቆመች። «ጎረቤቱን ሁሉ ስጠይቅ ነው ያመሸሁት።»

መርማሪዋ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ልቧ እንደ ትናንቱ ያማታል፤ ይቅር ልበላት ብትልም አልሆነላትም። ቢሆንም በእግሯ አንዲት ትንሽ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ገፋች።

ቱርቦ ተቀመጠች። መርፌ አነሳች፤ ቀጥላም እጇን ወደ አረንጓዴው የክር ጥቅል ላከች። መርማሪዋ ቀድማ አነሳችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ በነጩ ስፊ» አለቻት። «ሆዱን ሳትዘጊ ስጪኝ።»