ባለሙያዋ ሌንሳ

«እጅሽ ይባረክ ሌንሳ! እውነት ይሄ ወጥ ሥጋ የለበትም?»

ገዳ ማማሰያውን እንደያዘ ኩሽና ውስጥ ቀጥ አለ። ድምፁ የጋሽ ዓባይነህ ነው። ጋሽ ዓባይነህ እንደ ገዳ አባት እንደ ኩማ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ሁለቱም ሜክሲኮ አንድ ተራ ላይ ነው የሚሠሩት። ዛሬ እሁድ ስለሆነ ምሳ ተጋብዘው መጥተዋል።

«ቅንጣት ሥጋ የለበትም» አለ ኩማ በኩራት። «ዱባ ብቻ ነው። የሌንሳ እጅ እኮ ልዩ ነው! እናቷ ሥራ ስትውል ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት።»

ሌንሳ! እንቁላል ልትቀቅል ብላ ድስት ያሳረረችው እህቱ ሌንሳ!

ገዳ ጆሮው ድረስ ጋለው። ያን ዱባ ትናንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ነጋዴዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ ጠብቆ፣ ተከራክሮ የገዛው እሱ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያወጣው እሱ ነው። ጠዋት ሰፈሩ ሳይነቃ ተነስቶ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ቀልጦ እስኪቀላ ድረስ ያቁላላው እሱ ነው። የወጡ ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ሽንኩርቱን ካልቸኮሉበት ሥጋ አያስፈልግም።

እናቱ ወይንሀረግ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ ቅዳሜና እሁድ እንኳን ቤት አትውልም። መጀመሪያ ሰሞን «አሁን በርበሬውን ጨምር፣ አሁን ውሃ ጠብ አድርግ» እያለች በስልክ ታስተምረው ነበር። ብዙ አሳረረ። በኋላ ግን እጁ ለመደ። ትናንት የደረቀው እንጀራ ዛሬ በቲማቲምና በቃሪያ ፍርፍር ይሆናል፤ ጥቅል ጎመን ከድንችና ካሮት ጋር ሲሆን ቤቱን ሙሉ ያጠግባል፤ ምስር ላይ ትንሽ ዝንጅብል ካከሉበት ሽታው ጎረቤት ድረስ ይጣራል። ይህን ሁሉ አባቱ ያውቃል። በየቀኑ የሚበላው እኮ ነው!

«ኩማ፣ እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርህ» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «ባለቤቴ ኮከቤ ኦፕራሲዮን ካደረገች ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ቤት ደግሞ ሴት ልጅ የለኝ፤ ያሉት ሁለት ጎረምሶች ናቸው። በዳቦና በሻይ አለቅን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌንሳን ብትልክልኝ፣ ለሳምንት የሚሆነንን ሠርታልን ትመለሳለች።»

ገዳ አባቱ አሁን ይናገራል፣ አሁን እውነቱን ያወጣዋል ብሎ ጠበቀ።

«ምን ችግር አለው» አለ ኩማ። «ትመጣለች።»

እንግዳው ከወጡ በኋላ መጀመሪያ የፈነዳችው ሌንሳ ናት። «አባዬ፣ ቅዳሜ ቲቶሪያል አለኝ! ሚኒስትሪ ልፈተን እኮ ነው! ደግሞ ምን ልሠራላቸው? ሻይ እንኳን ሳፈላ ውሃው ተኖ ያልቅብኛል!»

«ገዳ እስከዚያ ያሳይሻል።»

«ለምን ሌንሳ ናት አልክ?» አለ ገዳ።

ኩማ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ አዟዟረ። «ተወው እስቲ ልጄ፣ ቀላል ነገር ነው።»

«ለምን?»

«ወንድ ልጄ ጓዳ ገብቶ ወጥ ይሠራል ብዬ ተራው ላይ ላውራ? የሹፌር አፍ አታውቅም፤ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው የሚያደርጉኝ።»

«ስትበላው ግን አላሳፈረህም።»

«ገዳ! አፍህን ሰብስብ!»

ገዳ አፉን ሰበሰበ። ልቡ ግን አልተሰበሰበም። ማታ እናቱ ከሥራ ስትመለስ ነገራት። ወይንሀረግ ውሃ የበላው እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠችው፤ ከኩማም ጋር በሩን ዘግተው ተነጋገሩ። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አላጥፍም ይላል» አለችው። «እኔ የምልህ… አይ፣ ምንም አልልህም። አንተ ልክ ነህ።»

ልክ መሆኑ ምን ጠቀመው? በሳምንቱ መካከል ሌንሳን ሊያስተምራት ሞከረ። ሽንኩርቱን ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠች። ዘይቱ የሒሳብ ደብተሯ ላይ ፈሰሰ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ገዲ፣ እኔ አልሄድም። ሼም ነው! የማላውቀውን እችላለሁ ብዬ የሰው ቤት ልግባ? ያውም የታመመች ሴት ልመግብ?»

ገዳ ደብተሩን በጨርቅ ጠረገላት። ገጹ ግን እንደተቀባ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ መልኩን የቀየረው። የራሱ ምስጋና ለሌላ መሰጠቱ አንድ ነገር ነው፤ የአባቱ ውሸት የእህቱን ፈተና ሊበላ መነሳቱ ግን ሌላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዓባይነህ ራሳቸው መጡ፤ በሩን ኩማ ከፈተላቸው። ገዳ ኩሽና ውስጥ ለምሳ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ሌንሳ ቦርሳዋን አቅፋ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ የያዘችው የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ነው።

«የታለች ባለሙያዋ? ነይ እንሂድ፣ መኪናውን ጥግ ይዤ ነው።»

ገዳ ቢላዋውን አስቀመጠና ወጣ። እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ሌንሳ አትችልም። ያን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ሳቁ። «አንተ? እንዴ! ሙድ እየያዝክብኝ ነው?»

«እውነቴን ነው። ዱባውንም፣ ምስሩንም፣ ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ። ከፈለጉ እኔ እመጣለሁ። ግን ልጆችዎ አብረውኝ ይሠራሉ። አብስዬ ትቼላቸው አልመጣም፤ አሳያቸዋለሁ።»

«ልጆቼ? ወንዶች እኮ ናቸው!»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ጋሽ ዓባይነህ ሳቃቸውን ዋጡ። ወደ ኩማ ዞሩ። «ኩማ፣ ልጁ የሚለው እውነት ነው?»

ኩማ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ቀና አላለም። አዎ ቢል፣ አይ ቢል፣ ገዳ አንዱን በተቀበለ ነበር። ያ ዝምታ ግን እንደ ጥፊ አረፈበት።

«ይቅር በቃ» አሉ ጋሽ ዓባይነህ፤ ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «እኔ የቤት ጠብ አልፈለግሁም።» ደረጃውን ሲወርዱ የጫማቸው ድምፅ እስከ ታች ተሰማ።

«አዋረድከኝ!» አለ ኩማ በሩ እንደተዘጋ። «በጓደኛዬ ፊት!»

«በጓደኛህ ፊት የበላኸውን በጓደኛህ ፊት ብትናገር ምን ነበረበት?» አለ ገዳ። «እኔ ሰረቅኩ? ሰው ደበደብኩ? ቤተሰቤን ነው ያበላሁት!»

ኩማ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

ገዳ ወደ ኩሽና ተመልሶ ከዱባው የቀረውን ቁራጭ፣ ምስርና ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ከተተ። ተመልሶ ሲወጣ አባቱ እዚያው ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«አብነት፣ እነሱ ቤት። እትዬ ኮከቤ ምንም አላጠፉም፤ ተርበዋል።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «የኛ ሽንኩርት ተከትፏል። ሌንሳ ቲቶሪያል ትሂድ። ምሳውን አንተ ሥራ።»

መልስ አልጠበቀም። እስከ አብነት በእግሩ ሄደ፤ ንዴቱ እየገፋው ታክሲ መያዝ እንኳን ትዝ አላለውም። መንገዱን ሁሉ አባቱን በሆዱ እየተሟገተው፣ እየረታው ነው የሄደው።

በሩን የከፈተለት የጋሽ ዓባይነህ ትልቁ ልጅ ኢያኤል ነው። ቁመቱ ከበሩ ጋር እኩል ነው፤ በአንድ እጁ ስልክ ይዟል። ከውስጠኛው ክፍል የታመመ ሰው ሳል ይሰማል።

«አባዬ ሴት ልጅ ትመጣለች ብሎ ነበር» አለ ኢያኤል።

«የመጣሁት እኔ ነኝ። እናትህ ቁርስ ምን በሉ?»

ኢያኤል አንገቱን አከከ። «ዳቦ… ትንሽ ቀምሳ ተወችው።»

«ሽንኩርት አላችሁ?»

«መሰለኝ።»

«መሰለኝ! በገዛ ቤትህ?» ገዳ ገብቶ ቢላዋ ፈለገ፤ አገኘና እጀታውን ወደ ኢያኤል አዞረለት። «በል ጀለሴ፣ ልጥ። ታናሽህንም ጥራው፤ ምስር ይልቀም።»

ኢያኤል ቢላዋውን አየ፣ ገዳን አየ። የእናቱ ሳል እንደገና ተሰማ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ተቀበለው።

የመጀመሪያው ሽንኩርት ተልጦ ሳያልቅ የገዳ ስልክ ጮኸ። አባቱ ነው። ገዳ ትንሽ አመነታና አነሳው።

«ሽንኩርቱ ቀልቷል» አለ ኩማ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከጀርባው ድስቱ ይንጫጫል። «አሁን ምንድን ነው የሚገባው? በርበሬ ነው ውሃ?»

መልሱ የገዳ አፍ ላይ ነበር። አባቱ ድስት ላይ ቆሞ ሲጠይቀው ሆዱ ሊራራ ቃጣው። የቅድሙ ዝምታ ግን አሁንም ፊቱን ያቃጥለዋል።

«መጀመሪያ ለጋሽ ዓባይነህ ደውልላቸው» አለ። «ወጡን የሠራው ማን እንደሆነ ንገራቸው። ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን እነግርሃለሁ።»

«ገዳ፣ ሊያርብኝ እኮ ነው…»

«እሳቱን ቀንሰው። ይጠብቅሃል።»

ከወዲያ በኩል አባቱ እሳቱን ቀነሰ፤ የድስቱ ድምፅ ቀስ በቀስ በረደ። ገዳ ስልኩን ዘግቶ ኢያኤል የላጠውን ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ።