ሰባት ቀን የተሸፈነው ወለል

ፌንጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሌላ ስም አላት፤ ስትሄድ ስለምትዘል ግን ፌንጣ አሏት። ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ቤት ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ የዕቃ መኪና ትነዳለች። አያቷ ግንበኛ ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ደክሟል።

መኪናው ሲበላሽ እናቷ ከቤቱ ጎን ባለው ጋራዥ ውስጥ ጭቃ ላይ ተኝታ ነበር የምትጠግነው። ብርዱ ሲገባ ያስላት ጀመር። አያትየው አዩና፣ "ለልጄ ወለል አፈስላታለሁ። የመጨረሻ ሥራዬም ይኼው ይሁን" አሉ።

ውሃውን በበርሜል አሞቁ። ሲሚንቶውን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር አቦኩ። አርማታው ሲፈስ ተንበርክከው በግንበኛ ማንካቸው አለሰለሱት። ከዚያ ላስቲክ፣ በላዩ ጭድ፣ በጭዱ ላይ የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረቡበት።

"አባባ፣ ወለልም ይበርደዋል እንዴ?"

"ከአንቺ ይብሳል። አርማታ እንደ አራስ ልጅ ነው። ሳይጠና ውርጭ ካገኘው ዕድሜ ልኩን አይጠነክርም። ሰባት ቀን ማንም እንዳይገልጠው። በተለይ ፌንጣ!"

"እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?"

"እስካሁን ምንም።"

በማግስቱ የጎረቤት ልጆች የጨዋታ ቤት ሠሩ። ጣሪያ ግን አጡ። ፌንጣ የጋራዡ ወለል ጥግ ላይ ያለው ቀይ ብርድ ልብስ ትዝ አላት። "ለአፍታ ብቻ ነው፤ ማን ያየኛል?" አለች በሆዷ። ልጆች፣ ይቺን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ። ስትጎትተው ጭዱና ላስቲኩም አብረው ተገፈፉ። ጨዋታው ጣማትና ረሳችው።

ሲነጋ ደጁ በውርጭ ነጥቷል። እየሮጠች ጋራዥ ሄደች። ጥጉም ነጥቷል። ሁሉን እንደነበረ መልሳ ሸፈነችና ዝም አለች።

በሰባተኛው ቀን አያትየው ገለጡት። ወለሉ አምሯል። ጥጉ ጋ ሲደርሱ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። እንደ ዱቄት ተፈረፈረ።

ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ያዙት። "ውሃ አብዝቼበት ነው" አሉ በመጨረሻ። "አርባ ዓመት ያልከዳኝ እጅ ዛሬ ከዳኝ።"

"ኧረ አባዬ፣ አንዲት ጥግ እኮ ናት" አለች እናትየው።

እሳቸው ግን ማንካቸውን ጠርገው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያዩ ይውሉ ነበር። ፌንጣ ስትጸልይ "ይቅር በለኝ" የሚለው ጋ ስትደርስ ትዘለው ጀመር።

ወር ሳይሞላ አያትየው አልጋ ያዙ። ሾርባ ሲያነሱ ማንኪያው ተንቀጠቀጠ። "አየሽ? ይኼው እጅ ነው ወለሉን ያበላሸው" አሏት። ፌንጣ ማንኪያውን ተቀበለቻቸው።

"አባባ፣ እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ወስጄ ረሳሁት።"

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "እጄ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ተመስገን" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ምነው ቶሎ ብትነግሪኝ፣ ልጄ? ከገዛ እጄ ጋር ተጣልቼ ከረምኩ እኮ።"

አለቀሰች። ያንኑ እጅ ራሷ ላይ አደረጉላት። "በይ ተነሺ። አብረን እንጠግነዋለን።"

እናትየው የተበላሸውን ቆርጣ አወጣች። ፌንጣ አቦካች። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ጎንበስ አሉና ማንካውን አንዴ አሳለፉበት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቀዩን ብርድ ልብስ ፌንጣ ራሷ አለበሰችው።

"ስንት ቀን?" አሏት።

"ሰባት፣ አባባ።"

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አያትየው አረፉ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ ብርዱም ጠና። አክስቷ የሚደረብ ስትፈልግ ጋራዥ ገባችና ቀዩን ብርድ ልብስ ያዘች።

"አክስቴ፣ እሱ አይነሳም። ሁለት ቀን ይቀረዋል" አለቻት ፌንጣ። ከአልጋዋ ላይ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ሰጠቻት። ያን ሌሊት ካፖርቷን ለብሳ ተኛች።

በሰባተኛው ቀን ገለጠችው። ጥጉን በጥፍሯ ጫረችው። ጥፍሯ ተሰበረ፤ ወለሉ ግን ንክች አላለም።

"አባባ፣ ጠንክሯል" አለች። ከዚያ ቀዩን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ወደ ቤት ይዛ ገባች።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ቶሎ ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ስትሉ ያላጠፋ ሰው ይሸከመዋልና።