የኬሚስቱ ጓንት

ምስጥ ከበረንዳው ሥር ተንበርክኮ የኤሲውን የውጪ ማሽን ክዳን ፈታ። ማሽኑ በረዶ ጋግሯል። እጁ ግን አልቀዘቀዘም። ጓንቱን ፎቅ ላይ የተደበቀው ኬሚስት ነው የሰጠው።

«ካርዱስ?» አለው አጎት በጆሮ ማዳመጫው። አጎት የአለቃው የሚስጥር ስም ነው፣ ምስጥ ደግሞ የእሱ፤ ዝምድና የላቸውም።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሚሞሪ ካርዱ ኬሚስቱ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ወንዙን ሲመርዝ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ምስጥ ኤሲ ጠጋኝ መስሎ ሲመላለስ ከርሞ ዛሬ ከኬሚስቱ መሳቢያ ሰረቀው። አጎት «ሳይጠፋ ለፍርድ ቤት እናድርሰው» ብሎ ነበር የላከው።

«ጎበዝ ልጄ። አሁን ማሽኑን ወደ ማቀዝቀዣ ቀይረው። ሽማግሌው ሲበርደው ሊጠራህ በረንዳ ይወጣል። ፎቶ አንሺያችን ከማዶ ጣሪያ ላይ ነው።»

ምስጥ ቀና ብሎ አየ። ሰውየው በደረቱ ተኝቷል።

የያዘው ካሜራ አይደለም።

«ፋብሪካው ገዛህ?» አለ። አጎትን አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

«የታዘዝከውን ሥራ፣ ልጄ።»

«ልጄ» የምትለው ቃል እንደ ንፍጥ ጆሮው ላይ ተለጠፈች።  ለዚህ ሰው ነበር የሰረቀው።

ወደ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ደግሞ በጠመንጃው ፊት ነው።

ትዕዛዙን ፈጸመ። አጎት የማያውቀውን እሱ ጠጋኝ ሲመስል ተምሮታል። ማሽኑ ቤት ሲያሞቅ ሙቀቱን ከውጪው አየር ቀምቶ ያስገባል፤ ውጪው በረዶ የሚጋግረው ለዚህ ነው። አንዲት ቫልቭ ስትዞር ግን ጋዙ አቅጣጫ ይቀይርና የቤቱ ሙቀት ወደ ውጪ ይወጣል። ቀጥታ በረዶው ላይ። ምስጥ ከበረዶው የሚነሣውን እንፋሎት እንዳይበትነው የማራገቢያውን ሽቦ ነቀለ።

ቫልቩ ፍሽሽ አለ።

ነጭ እንፋሎት ደረጃውንም በረንዳውንም ዋጠ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምንም አይታይም እኮ» አለ አጎት።

«ቀይረው አልከኝ፣ ቀየርኩት።» ማዳመጫውን አውልቆ ረገጠውና በእንፋሎቱ ተሸፍኖ ደረጃውን ወጣ።

ኬሚስቱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በረንዳው በር ላይ ቆሟል። «ወንድሜ፣ ቤቱ ቀዘቀዘብኝ።»

«ጋሼ፣ ዝቅ ይበሉ።»

የበሩ መስታወት በጥይት ረገፈ።

በጓሮ በር ወጥተው በጥገናው መኪና አመለጡ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ምስጥ ካርዱን የኬሚስቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመሳቢያዎ። ለተኮሱብን ሰዎች ነበር የምሠራው።»

ኬሚስቱ በእጁ ትል እንደያዘ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«ጓንቴን መልስ።»

ምስጥ አውልቆ ሰጠው። ሽማግሌው ሁለቱንም በሩ አጠገብ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣላቸውና ሊመሰክር ገባ።

ምስጥ የሚባል ሰው ከስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ተፋቀ። በሌላ ከተማ ግን አንዲት እናት ኤሲያቸው አላሞቅ ብሏቸው ጠጋኝ አስጠሩ።

«ማን ልበልህ፣ ልጄ?»

ቃሏ ዛሬም ትቀፈዋለች። «ጠጋኙ ይበሉኝ» አለ።

«በዚህ ብርድ ጓንት የለህም? የባለቤቴን ልስጥህ?»

«አይ፣ ይተዉት።»

በባዶ እጁ በረዶ የጋገረውን ብረት ያዘ።