ያልፈረሰው ክኒን

ዶክተር ሐዲስ ቦንጋ ባለው ቤተ ሙከራው ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ምሳው የቡላ ገንፎ ነበር። ሆስፒታሉ በሩብ ሰዓት የሚገድል መርዝ ነው አለ፤ ሳህኑን ዘበኛው አጥቦት ስለነበር፣ ገንፎውን ያመጡት እትዬ የሺሃረግ ጣቢያ ገቡ። ያሰረቻቸው ኢንስፔክተር አብርሆት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መቀመጫ አጣች። ሟቹ ከቡላ በሚያወጣው ስታርች ሆድ ውስጥ ቶሎ የሚበተን ክኒን ለመሥራት ሲደክም፣ ቡላውን ሦስት ዓመት ሙሉ ያቀረቡለት እኚሁ ሴት ናቸው። ምን አጋጫቸውና ይገድሉታል?

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው ከሟቹ ሌላ በሁለት ሰዎች እጅ ነው። ባለሙያዋ ፀደንያ ሳምንቱን በፈቃድ ዋጫ፣ እናቷ ዘንድ ነበረች። ዶክተሩ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከመሳቢያው ብልቃጥ ራሱ በቡላ የሠራውን የደም ግፊት ክኒን እንደሚውጥ የተናገረችው እሷ ናት። ምክትሉ ውባየሁ ደግሞ በዚያ ቀን ሁለት ተኩል ላይ ሺሺንዳ ሄዶ ማታ ተመልሷል።

«ሹፌሩን ይጠይቁ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ገበያው መሃል ነበርኩ» አለ ተረጋግቶ።

አብርሆት ጠየቀች፤ እውነት ነው። መረጋጋቱ ግን አላማራትም። ብልቃጡን ወስዳ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ስታይ አደረች።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበች። እትዬ የሺሃረግ በፖሊስ ታጅበው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የውሃ ብርጭቆ ተቀምጧል።

«ሁለቱም ክኒኖች ከዶክተሩ ብልቃጥ የወጡ ናቸው» አለች። «የነከርኳቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከብልቃጡ ሥር ያወጣሁት ወዲያው ፈረሰ። ከላይ የነበረው ይሄኛው ግን እስካሁን እንደ ጠጠር ቁጭ ብሏል። አምሳያውን ሆስፒታሉ መርምሮ መርዝ አግኝቶበታል። ዶክተሩ የዋጡት ጠዋት ነው፤ የፈረሰው ምሳ ሰዓት ላይ። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ሩቅ መገኘት ማንንም ነፃ አያወጣም።»

ፀደንያ ግራ ገባት። ክኒኑ ቡላ እያለበት እንዴት አይፈርስም ስትል ጠየቀች።

አብርሆት ከማጠቢያው ቧንቧ ያስወጣችውን ዝልግልግ ነገር ለእትዬ የሺሃረግ አቀረበች። በጣታቸው አሹት።

«ይሄማ የበሰለ ቡላ ነው። ጥሬው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይበታትናል። ከበሰለ ሙጫ ነው፤ ድስት እንኳ አይለቅም። እኔ እዚህ የማመጣው ሁሌም ጥሬውን ነው።»

አብርሆት የጥገና መጠየቂያ ቅጽ አወጣች። በዚህ መሥሪያ ቤት ያለ ቅጽና ፊርማ አምፖል እንኳ አይቀየርም።

«ዶክተሩ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ የተጻፈ ነው። ‹ማጠቢያው ስለተደፈነ ይጠገንልን።› የፈረሙት አቶ ውባየሁ ናቸው። ያን ቀን ፀደንያ ዋጫ፣ ዶክተሩ ጅማ ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«ለጥገና መፈረም ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ልማድ ነው እንጂ። ክኒኑን በበሰለ ቡላ ስታጠነክር ተጠንቅቀሃል፤ የድስቱ እጣቢ ማጠቢያውን ሲደፍንብህ ግን የቢሮ ሰውነትህ አሸነፈህ። የሐሰት የሙከራ ውጤት መፍጠርህን ለማጋለጥ ዶክተሩ የጀመሩትን ደብዳቤም መሳቢያው ውስጥ አግኝቼዋለሁ።»

ውባየሁ ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ ቆሞበታል።

ከሰዓት በኋላ አብርሆት እትዬ የሺሃረግን ቤታቸው አደረሰቻቸው። ጎረቤት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል፤ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ብሎ የገባ የለም። የይቅርታ ቃል ስትፈልግ ገንፎ ቀረበላት።

«አንቺስ ልጄ» አሉ እትዬ የሺሃረግ፣ «ሳትቀምሺው ነበር የፈረድሽበት።»

አብርሆት ወንበሩን ጎረቤት ሁሉ ወደሚያያት ደጃፍ ስባ ተቀመጠችና ሳህኑ እስኪጸዳ በላች።