ለጉልበት የተባለው ዱቄት

የአያ አላምረው ሬሳ ጎንደር ሆስፒታል ሳይገባ፣ በአርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ ከተማ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቆ ነበር። «ምራቱ መርዝ አበላችው!» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ገበያው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ኢንስፔክተር ፀደንያ ተጠርታ ከጎንደር ስትደርስ፣ ምራቲቱ ወለተሩፋኤል ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ጉንጯ አብጧል።

«ማነው የመታሽ?»

«ባሌ።»

«ዝም ብሎ?»

«ሰው ሲጮኽብኝ አብሮ ጮኸብኝ፤ ከዚያ መታኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ምን እላለሁ?»

ፀደንያ ጥርሷን ነከሰች። በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የሚያንገበግባት ግን ሬሳው አይደለም። የሚያንገበግባት በማግስቱ ያለ ድካም የምትገኘው ጥፋተኛ ናት፤ እሷም ሁልጊዜ ወይ ምራት ናት፣ ወይ የእንጀራ እናት፣ ወይ የቤት ሠራተኛ።

«የሆነውን ንገሪኝ።»

«ለእራት ተቀመጥን። አማቴ፣ ባሌ ምስጋናው፣ የአማቴ ወንድም አያ ዋኘው፣ እኔም። ሁላችን ከአንድ ትሪ ነው የበላነው፤ አማቴ እንዲያውም አጎረሱኝ። ከዚያ ‹ሆዴን› ብለው ተነሡ፤ ደጃፉን ሳያልፉ ደም አስመለሱ። አያ ዋኘው ወዲያው ‹መርዝ ነው!› ብለው ጮኹ። በማኪና ጭነን ስንወስዳቸው መንገድ ላይ አረፉ።»

«ከእሳቸው ጋር ስትጣዪ ጎረቤት ሰምቷል። ‹ይሄ ሰውዬ ካልሞተ አያርፍም› ብለሻል አሉ።»

ወለተሩፋኤል ቀና አለች። ከእንባዋ ይልቅ ቁጣዋ ቀደመ።

«አዎ፣ ብያለሁ! ሰሞኑን ሲጸዳዱ የሚወጣቸው እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበር። ልብሳቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ አይቼዋለሁ። ‹ሆስፒታል እንሂድ› ብዬ ለመንኩ፤ እንቢ ሲሉኝ ጮህኩ። አያ ዋኘው ‹በሽታው እየወጣ ነው፣ ሐኪም እንዳይነካካው› አሉ። እኔን ማን ይሰማል?»

ፀደንያ አንገቷን ነቀነቀች። የትናንት እራት ያለፈውን ሳምንት ሰገራ አያጠቁርም፤ ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮ ማቆም ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። አያ ዋኘው ከፊት ተቀምጠዋል፤ መንደሩ ሥር የሚያውቁ መድኃኒተኛ ናቸው ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ምነው እዚህ መጣሽ? ገዳይዋ እጅሽ ላይ አይደለች?»

«ለወንድምዎ መድኃኒት ይሰጡ ነበር አሉ።»

«የአያት የቅድመ አያት ሥር ነው! ጉልበቱን ይዞት ምርኩዝ ላይ የወደቀውን ሰው፣ ምርኩዙን አስጥዬ ፊቱን የሞላሁለት እኔ ነኝ። እዪ እስቲ ሰዉን! ሸጋ አልሆነም?»

ፀደንያ አየች። ድንኳኑ ውስጥ ጉንጫቸው ሙልት፣ ክብ ያለ ሰዎች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው ግን ቀጭን ነው። አገሬው «ተስማማቸው» ይላል። የሟቹ ልጅ ምስጋናውም ከነሱ አንዱ ነው።

«አንተም ትወስዳለህ?» አለችው።

«ለወገቤ። ከወሰድኩት ወዲህ እርሻው አይከብደኝም» ብሎ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት አውጥቶ ሰጣት።

አያ ዋኘው እንግዳ ሊሸኙ ተነሡ። «ኧኸ!» ብለው ጉልበታቸውን ያዙ፤ እያነከሱ ሄደው ጥግ ላይ ቆሙና ከኪሳቸው ቅባት አውጥተው ጉልበታቸውን አሹት። ፊታቸው እንደ ቆላ በሬ ከስቷል። ፀደንያ ይህንን ልብ አለች።

ጎንደር ላይ ሬሳውን የመረመረው ዶክተር መልካሙ አላስጠበቃትም።

«ጨጓራቸው ቆስሎ የደም ሥር ተበጥሷል። የሞቱት ደም ፈሷቸው ነው። መርዝ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ፊታቸው ክብ፣ እጅ እግራቸው የመነመነ፣ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው መልክ ነው። የሆስፒታል ካርዳቸው ላይ ግን ታዘዘላቸው የሚል የለም።»

«ስቴሮይድ ምን ያደርጋል?»

«እብጠትና ሕመም ያበርዳል፤ ሐኪም ከተከታተለው የብዙ ሰው ሕይወት ያተርፋል። ግን እሱን የሚወስድ ሰው ዲክሎፌናክን ወይም አይቡፕሮፌንን የመሰለ ማስታገሻ ዝም ብሎ ከደረበበት፣ ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል። ሰገራ የሚጠቁረው ለዚያ ነው።»

ፀደንያ ዱቄቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፈችው። ከቡናማው ሥር መሀል በደንብ ያልደቀቀ ነጭ ስባሪ ነበር። ዶክተሩ በመቆንጠጫ አንሥቶ አጉልቶ አየው።

«ይሄ ከመሬት የተነቀለ አይደለም» አለ። «ኪኒን ነው፤ የፋብሪካው ምልክት ግማሹ አለበት፤ ከስቴሮይዶቹ አንዱ ነው።»

ከሟቹ ኪስ የተገኘው የዲክሎፌናክ ፍሬ፣ ማሸጊያው ላይ ባለው ማኅተም፣ ጎንደር ፒያሳ ካለ ፋርማሲ የተገዛ ነበር። ፋርማሲስቷ ነጃት ስማቸውን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ጠየቅኳቸው እኮ! የዛሬ ሁለት ሳምንት ወድቀው ወገባቸውን አሟቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ነው። ‹ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?› አልኳቸው። ‹ኪኒን ቀምሼ አላውቅም፤ የወንድሜን ሥር ብቻ ነው› አሉኝ። ‹ፊቴን አየሽው?› ብለው ሳቁ። ሥር ምን ይላል ብዬ አለፍኩት። ያ አላህ! ምነው ደግሜ በጠየቅኩ!»

«ወንድማቸውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም። ግን ከአርማጭሆ ነኝ ያለኝ አንድ የሚያነክስ ሽማግሌ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በጅምላ ሽጭልኝ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ‹ለበጎቼ ነው› አለኝ! ያንን ፊት አልረሳውም።»

«ነይ፣ ማኪና ውስጥ ግቢ» አለች ፀደንያ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ወለተሩፋኤል በፖሊስ ታጅባ ስትገባ ማጉረምረም ተነሣ፤ አንዲት ሴትዮ ምራቋን ተፋች።

«ተፊ፣ ተፊ» አለች ፀደንያ፤ «ቆይተሽ ምራቅሽን የምታነሺበት አታገኚም። አሁን ስሙኝ! አራት ሰው ከአንድ ትሪ በልቶ አንድ ሰው ብቻ መርዝ አይበላም። አያ አላምረው መድማት የጀመሩት ከእራቱ በፊት ነው፤ ይህን ያየችው አንዲት ሰው ናት፤ ሆስፒታል ይሂዱ ብላ የጮኸችውም እሷው ናት። ጩኸቷን ሰምታችሁ ጥል አደረጋችሁት!»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ ፀደንያ ቀጠለች።

«ጨጓራቸውን ያቆሰለው ሁለት መድኃኒት ተደርቦ ነው። አንዱን ሐኪም አዘዘው፤ ሰውም ያውቀዋል። ሁለተኛውን ማንም አያውቀውም፣ ሟቹም ጭምር። ሥር መስሏቸው ‹ኪኒን አልወስድም› ብለው ማሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ሥሩ ውስጥ ግን ስቴሮይድ ተወቅጦበታል። ጉንጫችሁ የሞላው ጤና ሆናችሁ አይምሰላችሁ።»

ሰዎቹ ጉንጫቸውን ዳሰሱ።

«ውሸት!» አሉ አያ ዋኘው። «ቢሆንስ እኔ ምን ዐውቄ?»

«ያ ነበር የቸገረኝ፤ አያ ዋኘው ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? አገር ሁሉ የሚድንበት ዱቄት እቤትዎ እያለ፣ ምነው ያነክሳሉ? ጉልበትዎን ምነው በሱቅ ቅባት ያሻሉ?» ውኃ በብርጭቆ፣ ዱቄቱን በማንኪያ፣ አንድ ዲክሎፌናክም ጨምራ ፊታቸው አስቀመጠች። «ሥር ብቻ ከሆነ ይዋጡት። እኛም ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።»

አያ ዋኘው ማንኪያውን አዩት። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ።

«ጾም... ጾም ላይ ነኝ።»

«ቄሱን እናስፈቅድልዎ?»

እጃቸው አልተዘረጋም። ከበሩ በኩል ነጃት ጮኸች፦

«እሱ ነው! ‹ለበጎቼ› ያለኝ! ‹ያለ ሐኪም ከተወሰደ ሰው ይገድላል› ብዬ አፍጥጬ ነግሬዋለሁ! ከእኔ ሲያጣ ከሌላ ቦታ ገዝቶታል!»

እኔ ታሪኩን የምነግራችሁ፣ እስካሁን ዋኘውን አንቱ ያልኩት ለሽበቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን አፌ እሺ አይለኝም። ዋኘው ያውቅ ነበር። ወንድሙ ጥቁር ሲወጣው ያውቅ ነበር፤ ሐኪም ካየው እንደሚጋለጥ ያውቅ ነበር፤ ደሙ ሲፈስ ‹መርዝ› ብሎ የጮኸውም ዓይን ሁሉ ወደ ምራቲቱ እንዲዞር ነው።

ፖሊሶቹ ሲይዙት ሕዝቡ ተነሣ። ዱቄቱን ከየኪሱ እያወጣ መሬት ላይ ይወረውር፣ ይረግጥ ጀመር።

«አትጣሉ!» ብላ ነጃት መሀላቸው ገባች። «ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁት በአንድ ጊዜ ብታቋርጡት ራሱ ይገድላችኋል! ሰውነታችሁ ተደግፎበታል። ዱቄቱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪም እየቀነሰ ያስተዋችኋል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም ማቅጠኛ፣ ሥርም ይሁን ቅጠል፣ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ! ሳትጠይቁ ማስታገሻ አትደርቡ!»

ሲረግጡ የነበሩት ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ከአፈሩ ለቀሙ። ምራቋን የተፋችውም ሴትዮ ለቀመች። ያዋረዳቸውን ዱቄት መልሰው በኪሳቸው ከተቱ።

ምስጋናው ወደ ሚስቱ ቀረበ፤ ያ የሞላ ፊቱ ጠውልጓል።

«ወለቴ... ማሪኝ። ወደ ቤታችን እንሂድ።»

«ነገ ሆስፒታል እወስድሃለሁ» አለች።

ምስጋናው እፎይ አለ።

«ዱቄቱን ቀስ በቀስ ነው የምትተወው፤ ሐኪሙ በቃ እስኪልህ አስታምምሃለሁ። እኔ ግን አንተን የተውኩህ ጥፊህ ያረፈብኝ ዕለት ነው። ሽማግሌ እንዳትልክብኝ።»